ሰሊጥ ሳይገባ

እኛ ሰፈር ለማንኛውም ነገር ቀን ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ ሰሊጥ ሲገባ። ሠርጉ መቼ ነው? ሰሊጥ ሲገባ። ጣራው መቼ ይከደናል? ሰሊጥ ሲገባ። ጎረቤቴ አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ሐኪም ቤት ሄደሽ አሳዪው እንጂ ስንላት፣ ሰሊጡ ይግባና አለች። ሰሊጡ ገባ፣ እሷም አልሄደችም፣ እብጠቱም በራሱ ጊዜ ጠፋ። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ደግሞ ልማዳችንን ያጠነክርልናል።

ሰሊጥ ገባ የሚባለው ታጭዶ፣ ነዶው ሂላ በምንለው ክምር ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ደርቆ፣ ሸራ ላይ ተራግፎ ጆንያ ውስጥ ሲሞላ ነው። ይኼ በየዓመቱ ይሆናል። ግን ሰሊጡ ሲገባ ማሽላው ይደርሳል። ማሽላው ሲገባ ምንጣሮ ይመጣል፣ ከምንጣሮው በኋላ የትራክተር ወረፋ፣ ከወረፋው በኋላ ዝናብ፣ ከዝናቡ በኋላ አረም፤ አረሙ ሲያልቅ ሰሊጡ እንደገና ሊደርስ ነው። ሽንፋ ተወልጄ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል፤ ያ ሁሉም ነገር ይደረግበታል የተባለው ቀን ሲመጣ ግን አላየሁም።

ባለፈው ክረምት ቀበሌው አዳራሽ ለሴቶች ሥልጠና አለ ተባለ። አበል አለው ስለተባለም አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔም ተከራይቼ የምሠራበትን ወፍጮ ቤት ዘግቼ፣ የማሽላ ዱቄቱን ከፀጉሬ በቅጡ ሳላራግፍ ሄድኩ። አሠልጣኙ ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት ነው። እጀ ረጅም ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ የላስቲክ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል። ሐምሌ እንዲህ ካደረገው ሚያዝያን ቢያየው ምን ሊሆን ነው ብዬ አዘንኩለት።

ልጁ በሕይወት ዘመናችሁ ልታደርጉት የምትመኙትን ሁሉ በተራ ቁጥር ጻፉ አለን። ከጎኑ ደግሞ መቼ እንደምታደርጉት ጻፉ፣ ቀን ካልተቆረጠለት ግብ አይባልም አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ ታደለ። መጻፍ የማይችሉት ለሚችሉት በጆሯቸው መንገር ጀመሩ፤ አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ወረቀቶቹን እየተዘዋወረ ያነብ ጀመር። አንዷ ላም መግዛት፣ ሰሊጥ ሲገባ። አንዷ ልጇን መዳር፣ ሰሊጥ ሲገባ። አንዷ መመንኮስ፣ ሰሊጥ ሲገባ። አምስተኛው ወረቀት ላይ ሲደርስ ቀና አለና፣ «ቆይ፣ ይኼ ሰሊጥ የሚገባው መቼ ነው?» አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ «እሱንማ ዝናቡ ያውቃል ልጄ» አሉት። ልጁ ከዚያ በኋላ ስለ ቀን የጠየቀው አንዴ ብቻ ነው።

እኔ የጻፍኩት አጭር ነው። አንደኛ፣ አባቴን አገራቸው ማድረስ። ሁለተኛ፣ የቤቴን ወለል ሲሚንቶ ማስደረግ። ሎሚ መትከል የሚልም አለበት፣ ሞተር ሳይክል መንዳት የሚልም አለበት። አንድ ቀን ሙሉ ማንም ሳይጠራኝ ቁጭ ማለት የሚል ጽፌም ነበር፣ ሥልጠናው ራሱ እንደዚያ ስለሆነልኝ ወዲያው ሰረዝኩት። ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ የቀረ ባል ነበረኝ፤ ስለሱ ምንም አልጻፍኩም። አልመጣልኝም፣ እውነቴን ነው።

አንደኛው ላይ ግን ትንሽ መናገር አለብኝ። አባቴ ከጎጃም ደጋ ወደዚህ የወረዱት ለአንድ አጨዳ ነው። ጢም ያላበቀሉ ጎረምሳ ነበሩ። በመጀመሪያው ደመወዛቸው መተማ ዮሐንስ ገበያ ወጥተው አንድ ካፖርት ገዙ፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ከጉልበት የሚወርድ። ሰው በሙቀት በሚቀልጥበት ገበያ ካፖርት የሚሸጥ መገኘቱ ይገርመኛል፣ የሚገዛ መገኘቱ የባሰ ይገርመኛል። አገራቸው ሲገቡ ለብሰውት ሊገቡ ነው፤ ሰው ሆኖ መጣ እንዲባሉ። ያን ዓመት ወባ ጣላቸው። በዓመቱ ሰሊጡ ጥሩ ሆነና ትንሽ ልቆይ አሉ። ከዚያ እናቴን አገኙ፤ እሷም ከወሎ ወርዳ ለአጫጆች ምግብ ታበስል ነበር። ከዚያ እኔ መጣሁ፣ ካፖርቱም ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ገባ።

በዓመት አንዴ፣ ማሽላው ከተወቃ በኋላ፣ አባቴ ካፖርቱን ያወጡና ገመድ ላይ ያሰጡታል። ብል እንዳይበላው ኪሱ ውስጥ ያለውን የኒም ቅጠል ይቀይሩለታል። ያን ቀን የሰፈሩ ሕፃናት ይሰበሰባሉ። «አባባ፣ ዛሬ በረዶ ሊጥል ነው?» ይሏቸዋል። አባቴ አይቆጡም። «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ አገር ይበርዳል» ይላሉ።

አገር ማለት ደጋው ነው። የምንኖርበት ደግሞ በረሃ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እኔም አይቼው የማላውቀውን ቦታ አገሬ እያልኩ ነው ያደግሁት። ከኋላ የመጡት ነጋዴዎች ግንብ ሠርተው ማቀዝቀዣ አስገብተው ይኖራሉ። ቀድመን የመጣነው ግን ዛሬም ሳር ቤት፣ አፈር ወለል፣ ደጃፍ ላይ በማሽላ አገዳ የተከደነች ራኩባ፣ በቃ። የፍሬ ዛፍ የሚተክል የለም፤ እስኪያፈራ ማን እዚህ ሊቀመጥ። ማንጎ ስንበላ ፍሬውን ወደ መንገድ እንወረውራለን። መንገዱ ዳር ላይ ስንት ማንጎ በቅሎ ፍየል በላው።

እናቴ ከሞተች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። የተቀበረችው እዚሁ ሽንፋ ነው። ሰው ሁሉ በሲሚንቶ ሲያሠራ አባቴ እምቢ አሉ፤ አጽሟን አገር አስገብተው ከእናታቸው አጠገብ ሊያስተኟት ነው። ስለዚህ ድንጋይ ብቻ ደረደሩባት። መሬታችን ዋልካ ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ድንጋዩ በየዓመቱ ይበተናል፣ አባቴም በየዓመቱ ሄደው ይደረድሩታል። አንድ ቀን፣ «እናቴኮ የወሎ ሰው ናት፣ ጎጃምን በዓይኗ አይታው አታውቅም» ብላቸው፣ «ባሏ የት ሆኖ እሷ የት ልትሆን ነው» አሉኝ። ተናደድኩ። እሷን የጠየቀ የለም።

አምና ካፖርቱን ሲያሰጡ አባቴ ገመዱ ላይ መስቀል አቃታቸው። ክንዳቸው ከትከሻቸው በላይ አልነሳም አለ። ካፖርቱን እንደ ሕፃን ታቅፈው ገመዱን ሽቅብ ሲያዩት ቆሙ። ሄጄ ሰቀልኩላቸው። አንጀቴን በሉት። እኚህ ሰው ይኼ ሰሊጥ ይግባ፣ ያኛው ሰሊጥ ይግባ እያሉ ካፖርታቸውን ሳይለብሱ እዚሁ ሊያልቁ ነው አልኩ በሆዴ።

አዳራሹ ውስጥ ከተራ ቁጥር አንድ ጎን ቀኑን ስጽፍ ታዲያ እጄ እንደ ልማዱ «ሰሊጥ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቆምኩ። እልህ ያዘኝ መሰለኝ፤ «ሰሊጥ ሳይገባ» ብዬ ጨረስኩት። አሠልጣኙ መጥቶ አነበበውና፣ «ይኼኛው ደግሞ መቼ ነው?» አለኝ። መስከረም መባቻ ነው፣ አረሙ ያልቃል፣ አጨዳው ገና ነው አልኩት። ጎበዝ ብሎኝ አለፈ።

ማታውን ራኩባችን ሥር ለአባቴ ከታች ወደ ላይ አነበብኩላቸው፤ ከባዱን ለመጨረሻ ላስቀር ብዬ። ሞተር ሳይክሉ ላይ ሳቁ። «ሎሚ ምን ሊያደርግልሽ? ተገበያ አይገዛም?» አሉ። ወለሉ ላይ፣ «ለዚህ ቤት?» አሉና ሳር ግድግዳውን በዓይናቸው ዞሩት። አንደኛውን ሳነብ ጫማቸውን አውልቀው አራገፉ፣ መልሰው አጠለቁ።

«ሰሊጡስ?» አሉ በመጨረሻ።

«አረሙ ያኔ ያልቃል። እስክንመለስ ጎረቤት ያይልናል።»

«ተሄድኩ አልመለስም። እወቂው።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«ይኸን ሰሊጥ አንቺ ነሽ እምታስገቢው።»

«አስገባዋለሁ።»

«ለአጫጁ ምግብ እንዳታሳንሺበት። አናቱ ሳይከፈት እጨጂው፣ ተከፈተ ወዲያ ንፋስ ነው እሚበላው።»

ያለቀው እንዲህ ነው። ሌላ ቤት ቢሆን ይለቀሳል ይሆናል። እኔ ሁለት ነገር ተሰማኝ፣ ሁለቱንም ልናገር። አንደኛ ፈራሁ፤ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለኝም፣ ማታ ወፍጮው ሲቆም የሚሰማኝ ድምፅ የእሳቸው ሳል ነው። ሁለተኛ ደግሞ፣ ሲሄዱ ወለሉን አስደርጋለሁ፣ ሎሚዬን እተክላለሁ አልኩ። ሲሚንቶውን እንዲያውም ከዚያ በፊት ገዝቼ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጣውላ ላይ ደርድሬ፣ እርጥበት እንዳያገኘው ላስቲክ አልብሼው ነበር። አባቴ አይተውታል።

መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ነው የከረመው። ጳጉሜን ላይ ተከፈተ ሲባል በማግስቱ ተነሳን። ከዚያ በፊት አባቴ እናቴ ዘንድ ሄደው ድንጋዩን ደረደሩ። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር፣ ግን ሰማኋቸው፤ «መጥተው ይወስዱሻል፣ ልጅሽን አዝዣታለሁ» አሏት። እኔን አላዘዙኝም። ያኔ ገና ሊያዙኝ አስበው ነበር ማለት ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ካፖርታቸውን ለብሰው ገቡ። ከሽንፋ ጀምሮ። ተሳፋሪው ሳቀ፣ ረዳቱ፣ «አባት፣ ያውልቁት እንጂ፣ ነፍስዎ ትወጣለች» አላቸው። «ስንወጣ ይበርዳል» አሉት። ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ ገንዳ ውሃን አለፍን። አይከል ስንደርስ በመስኮቱ ቀዝቃዛ ንፋስ ገባ፤ ሰው ሁሉ ነጠላውንና ሹራቡን መፈለግ ጀመረ። አባቴ የካፖርቱን አንገትጌ ከፍ አደረጉና ወደኔ ዞሩ። «አላልኩሽም?» አሉ። ይህን ለማለት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀዋልና ደስ አለኝ።

ጎንደር አደርን፣ ባሕር ዳር አደርን። ከዚያ ሌላ መኪና፣ ከዚያ ጭቃ በእግር። ተራራው ጭጋግ ለብሶ ከፊታችን ያለውን ሰው እንኳ አያሳይም። ታላቅ እህታቸው አጥር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ልጃቸው በስልክ ነግሯቸዋል። «ወንድማለም» ብለው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔም ሲያለቅሱ አይቼ አለቀስኩ። አክስቴ ከእንባቸው መለስ ብለው ካፖርቱን ዳሰሱና፣ «ምን ያለ ልብስ ነው ልጄ» አሉ። የተባለለት ቀን እሱ ነበር። ካፖርቱ ግን ለአንድ ትከሻ ሰፊ ጎረምሳ የተገዛ ነው፤ አባቴ ውስጡ ጠፍተዋል፣ እጅጌው ጣታቸውን ሸፍኗል።

ለእንቁጣጣሽ በግ ታረደ። አባቴን ከላይ አስቀመጧቸው፣ መጀመሪያ እሳቸው ካልጎረሱ ሌላ ሰው አይጎርስም። ቤተ ዘመድ እየመጣ ጉልበት እየሳመ ሄደ። የአክስቴ የልጅ ልጆች «የበረሃው እንግዳ» ነው የሚሏቸው፤ ነውር የለበትም፣ እንግዳ ናቸው። በማግስቱ ድንች ሊኮተኩቱ ሲወጡ አባቴም ተነስተው መኮትኮቻ ያዙ። የአክስቴ ልጅ ከእጃቸው ተቀበላቸው። «ኧረ አይሆንም፣ አንቱ ይቀመጡልን፣ እንግዳ አይሠራም» አላቸው። ተቀመጡ። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ፀሐዩ፣ ጭጋግ ሲመጣ ወደ ምድጃው፣ እንደዚያ ሲሉ ዋሉ።

ማታ ማታ ስለ ሰሊጥ ያወራሉ። እንደ ኑግ ነው ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር። አባቴ ተቆጡ ማለት ይቻላል። ሰሊጥ እንዴት ከሥሩ ጀምሮ እንደሚደርስ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን እንዴት ቀን እንደማይሰጥ፣ ከዘገየህ አፉን ከፍቶ ያፈራውን ሁሉ መሬት ላይ እንደሚያፈስ አስረዱ። ነዶውን ቀና አድርገህ ካላቆምከው ጉድ ነህ አሉ። ሰዎቹ ለአክብሮት ያህል ሰሙ፣ ቀጥሎ ስለ ማዳበሪያ ማውራት ጀመሩ። አባቴ ለኔ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ፤ ያን ሁሉ የማውቀውን።

በዓሉ ሲያልፍ እናትና አባታቸው ወደተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ አባቴ፣ አክስቴና እኔ። ሣሩ እርጥብ ነው፣ ከጽዶቹ ላይ ጠብታ ይወርዳል። አባቴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እናታችን የቷ ጋ ናት?» አሉ።

አክስቴ አንዱ ጽድ ሥር ሄደው ቆሙ። «ይች ጋ ናት» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው የቤተ ክርስቲያኑን በር አዩ። «አይ፣ ያኔ በሩ በዚያ ነበር። ወደዚያ ሳትሆን አትቀርም።»

«ምነው፣ ድንጋይ እንኳ አልነበራትም?»

«ነበራት። አጥሩ ሲሠራ ወሰዱት መሰል። ምን ድንጋይ ያስፈልጋል፣ እኔ አውቀው የለ?»

«የቱ ጋ እንደሆነ ነው እኮ እምጠይቅሽ፣ እታለም።»

«ተዛፉ እስተዚያ ባለው ነው» አሉ አክስቴ፣ በእጃቸው ሰፊ ቦታ እያሳዩ። ቦታው ላይ አዲስ መቃብሮች አሉ፣ የሌላ ሰው። ክፋት አልነበረባቸውም። እናታቸው ከሞቱ ዘመን ሆኗል፣ ሌላው ሰው ደግሞ በየጊዜው ይሞታል።

አባቴ ከዛፉ እስከዚያ ያለውን በዓይናቸው ሄዱበት። ተመልሰው መጡበት። ጸለዩ፤ ወደ የት ዞረው እንደሚጸልዩ ግን ግራ እንደገባቸው አይቻለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ ቀረት አሉና፣ «ታች ዝናቡ ቆሞ ይሆን?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ያን ድንጋይ በትኖት ይሆናል» አሉ።

የምመለስበት ጠዋት አክስቴ ቆሎ ቋጥረው ሰጡኝ። አባቴ እስከ መንገዱ ሊሸኙኝ ተነሱ። ገና ጎህ እየቀደደ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። በሸሚዝ ብቻ መሆናቸውን ያየሁት መንገዱ ዳር ስንደርስ ነው።

«ካፖርትዎስ አባባ?»

«ለእታለም ሰጠኋት። ይበርዳታል።»

«አንቱስ?»

እዚያው የሆነ ጋቢ ሊሰጧቸው ነው ብዬ አሰብኩ። መኪናው መጣ። ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ቀና ስል ዓይናቸውን ማየት ፈራሁ። ስንት ነገር ላወራቸው አስቤ ነበር፣ ማሽላው እንደ ደረሰ እደውላለሁ ብቻ አልኳቸው። ገብቼ ወንበር ያዝኩ። አባቴም ገቡ። ሻንጣዬን ሊያቀብሉኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ሻንጣ አልያዙም።

«አባባ፣ ሊነሳ ነውኮ፣ ይውረዱ» አልኳቸው።

«ጠጋ በይ» አሉኝ።

ጠጋ አልኩላቸው። መኪናው ተነሳ። የሚንቀጠቀጡ ስለሆነ ነጠላዬን ደረብኩላቸው። ማንም አላባረራቸውም፣ ማንም አልከፋባቸውም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩት። እንዲህ ያስከፋኝ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሞከርኩ፣ ደስም ብሎኝ ነበርና ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

ከሁለት አዳር በኋላ አይከልን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባ። አባቴ ነጠላዬን አውልቀው አጥፈው ሰጡኝ። ከዚያ፣ «ያ ሲሚንቶሽ ለምን ያህል ይበቃል?» አሉ።

«ለወለሉ።»

«ለእናትሽስ ይበቃል?»

ወለሉን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ጠርጌዋለሁ፣ ስንት ጊዜ በውሃ አጥቤዋለሁ። «ይበቃል» አልኳቸው።

ሽንፋ ስንደርስ የሰሊጡ የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀምሯል። አጫጆች ከደጋ መውረድ ጀምረዋል፣ ገበያው በማጭድ ተሞልቷል፣ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል። እኔም የዚያ ሰፈር ልጅ ነኝና፣ «አባባ፣ ሰሊጡ ይግባና እናሠራዋለን» አልኩ። አፌ ራሱ ነው የተናገረው።

«ሳይገባ» አሉ አባቴ።

በማግስቱ ግንበኛ አመጡ። ሲሚንቶዬን ከወፍጮ ቤት በጋሪ አስጫንኩት። ድንጋዩ እንደፈሩት ተበትኗል፣ ግን ቦታው አልጠፋም፤ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። ግንበኛው ገመድ ወጠረና ልኩን አሳያቸው። አባቴ ጠበበ አሉ። ግንበኛው የሬሳ ልክ ይኸው ነው፣ እንዲያውም ሰፋ አድርጌዋለሁ አለ። አባቴ ጫማቸውን አወለቁ፣ እናቴ አጠገብ አፈሩ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«በዚህ በኩል እስተዚህ አድርገው» አሉት።

ግንበኛው ሊስቅ ብሎ እኔን አየኝና ተወው። ችካሉን ነቅሎ አባቴ ትከሻ ላይ ተከለው፣ ገመዱንም አዛወረ። አባቴ ተነሱ፣ ከጀርባቸው አፈሩን አራገፍኩላቸው። ከዚያ አጫጅ ሊቀጥሩ ገበያ ወጡ።

ሰሊጡ በሰዓቱ ታጨደ። የካፖርቱ ሳጥን ባዶ ስለሆነ አሁን በርበሬ አስቀምጥበታለሁ፤ የኒም ሽታው አልለቀቀውም። ወለሌ እንደ ድሮው አፈር ነው። ያን የሥልጠና ወረቀት ግድግዳው ሳር ውስጥ ሰክቼዋለሁ፤ ከተራ ቁጥር ሁለት ጎን የነበረውን ቀን ሰርዤ፣ ሰሊጥ ሲገባ ብዬ ጽፌበታለሁ። ተራ ቁጥር አንድን፣ አባቴን አገራቸው ማድረስ የሚለውን ግን፣ አባቴ ከዚያ አፈር ላይ የተነሱ ዕለት ተፈጽሟል ብዬ ሰረዝኩት።